በወር ዘጠኝ ቀን

ጥቅምት 4

ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ አለቃ ደህና ነው። በተገላቢጦሽ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ፎቅ በእግር።

ከጠዋት እስከ ምሳ የአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ዓመታዊ ሪፖርት። ነጠላ ሰረዝ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ የተተየበውን ገጽ በእርሳስ እከተላለሁ። ሲያልቅ ሁለታችንም ከታች እንፈርማለን፦ አንባቢ፣ ተከታይ። የማተሚያ ቤት እርማት ክፍል ማለት ይኸው ነው። አንድ አፍ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ፊርማ። ሽማግሌውን ነጠላ ሰረዝ ያልነው ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ እንደ ቃል አብሮ ስለሚያነብ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያነብ ኖሮ ተራ ወሬውም ውስጥ ገብቶበታል። ዛሬ ሲገባ "ደህና አደርሽ ልጄ ነጠላ ሰረዝ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ አራት ነጥብ" አለኝ። አልሳቅኩም። ከሳቅኩ ይተወዋል።

ከምሳ በኋላ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ጀመረኝ... ያው እንግዳ። እንግዳስ አይባልም፣ ቤተኛ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። እርሳስ የምፈልግ መስዬ ከመሳቢያው አንድ ኪኒን።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት። ከእኔ በፊት የነበረው አራሚ ዓይኑ ደከመ ተብሎ ወደ ወረቀት መጋዘን ወረደ። አሁን ምድር ቤት ጥቅል ወረቀት ይመዘግባል። ስናልፍ አንዳንዴ ስለ ሥራው ይጠይቀናል፤ እስረኛ ስለ ልጆቹ እንደሚጠይቅ።

ጥቅምት 9

አዲስ ሥራ። ያመጣችው ሐኪሟ ራሷ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ የዝናብ ጫማ ያደረገች። አሥራ አራት የራስ ሕመም ባለሙያዎችን ሰብስባ በማይግሬን ሕክምና ምን ጎደለ ብላ ጠይቃ መልሱን ትንሽ መጽሐፍ አድርጋዋለች። በየጤና ጣቢያው በነፃ ይታደላል።

አለቃ ሊያጫውታት ብሎ፣ ሚስቱም ይሄ ነገር እንዳለባት፣ ሥራ ሲበዛ እንደሚነሳባት፣ ሠርግ ስትጠራ እንደሚተዋት ነገራት። ሐኪሟ አልሳቀችም። ገጽ ሁለትን ገልጣ ጣቷን አሳረፈችበት። የመጀመሪያው ጉድለት፦ ታማሚውን የሚያምነው የለም።

"በጣም ጠቃሚ ነው" አለ አለቃ፣ ሳያነበው።

ጥቅምት 12

ረቂቁን ለብቻዬ አነበብኩት። አሥራ አራት ባለሙያ ተቀምጦ ስለ እኔ ተስማምቷል። ጥሪው አልደረሰኝም።

ታማሚው የሕመሙን ስም ሳያገኝ ዓመታት ይዞራል ይላሉ። ወደ ዓይን ሐኪም፣ ወደ አፍንጫ ሐኪም፣ ወደ ጥርስ... እውነት ነው። እኔ ሁለት ደህና ጥርስ አስነቅያለሁ። ጥርስ ነቃዩ "አሁን ትገላገያለሽ" ብሎኝ ነበር፤ ከጥርሶቹ ተገላገልኩ። የሚከላከል መድኃኒት እያለ ለታማሚው የሚነግረው የለም ይላሉ። አልተነገረኝም። ሐኪሙ ስላመመሽ ቀን ይጠይቃል፣ በሁለቱ ሕመም መካከል ስላለው ቀን፣ መቼ ይመጣብኝ ይሆን እየተባለ ስለሚኖረው ቀን፣ ማንም አይጠይቅም ይላል አንዱ። ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሕተት አላገኘሁበትም።

ከዚያ ገጽ 22። ለብቻው በሳጥን የታጠረ፣ ርእሱ "ከዚህ አይለፉ" የሚል። ለራስ ምታት የሚወሰደው ኪኒን ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ እሳቱን በቤንዚን እንደ ማጥፋት ነው። ስለዚህ ጣሪያ ተቀምጧል፦ በወር ዘጠኝ ቀን።

በዚህ ወር ስንት ቀን ወሰድኩ? አልቆጠርኩም። የማይቆጥር ሰው አይሳሳትም።

ጥቅምት 16

እኔ ባልቆጥር እህቴ ትቆጥራለች። ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ሁሉን ነገር ካልለካች አይሆንላትም። ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ቅጠሎቹን ከቆሻሻ ቅርጫት ለቅማ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደርድራ ጠበቀችኝ።

ይሄ ምንድን ነው አለች። ኪኒን ነው አልኳት። እሱንማ አያለሁ፣ ሰው ነሽ ወይስ መድኃኒት ቤት አለች። መድኃኒት ቤት እንኳ እሁድ ይዘጋል አልኳት። ስቃ ዝም ትላለች ብዬ ነበር። ዝም ብቻ አለች።

ጥቅምት 20

መጥፎ ቀን። ሁሉንም ልጻፈው፤ ነገ እንዳልነበረ አድርጌ እንደምረሳው አውቃለሁ።

የሐኪሟ መጽሐፍ ተተይቦ መጣ። የተየበችው መብረቅ ናት፤ ጣቷ ፈጣን ስለሆነ ነው ስሟ። ጥሩ ልጅ ናት፣ እትዬ ትለኛለች፣ ሳርማት እግዜር ይስጥልኝ ትላለች። አለቃ ከሰዓት ወደ ማሽን ይገባል ብሎ ቃል ገብቷል። ነጠላ ሰረዝ መነጽሩን ወልውሎ ማንበብ ጀመረ። ገጽ አሥር አካባቢ የመስመሩ መሐል ላይ የምትብለጨለጭ ነጥብ መጣች። ከዚያ ሰፋች፤ ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ። ድምፁ እያንዳንዱ ቃል እንደ ሚስማር...

"ጋሼ፣ ለብቻዬ ልጨርሰው" አልኩት። አየኝ። ምን ሆንሽ አላለም። ጋዜጣውን ይዞ ኮሪደር ወጣ። ስጨርስ ጠራሁትና "አንባቢ" የሚለው ቦታ ላይ ፈረመ፤ ያላነበበውን። ለእኔ ብሎ ነው።

የገጹ ግራ ወገን አልነበረም። የሚያስፈራው ጨለማ አለመሆኑ ነው። ጨለማ ቢሆን ሰው ያውቃል፣ መብራት ይፈልጋል። ይሄ ግን ምንም የጎደለ አይመስልም። ግማሽ ዓለም ይጠፋና የቀረው ግማሽ ሙሉ ነኝ ይላል።

ሁለት ኪኒን። ፈረምኩ። ወደ ማሽን ገባ።

ጥቅምት 21

ደህና ነኝ። ሊፍቱ ተሠራ።

ኅዳር 17

ሦስት ሺህ ቅጂ ታጥፎ፣ ተሰፍቶ፣ ተጭኖ ሄደ። አንዱን ወደ ቤት ይዤ መጣሁ። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ወረቀቱ ደህና። ለእህቴ ሰጠኋት። "ይኸው፣ አንብቢና አትነዝንዢኝ።"

ኅዳር 22

እህቴ ዛሬ ደስ ብሏት ነበር የጠበቀችኝ። ያስፈራኝ እሱ ነው።

በዚህ ወር አሥራ ሰባት ቀን ወስደሻል አለችኝ፤ ቆጥራለች፣ ቀን መቁጠሪያው ላይ በመርፌ እየወጋች ምልክት አድርጋለች። ለካ አላለፍሽም፣ ያለ ነገር ስነዘንዝሽ ከረምኩ አለች። መጽሐፉን ገልጣ ሳጥኑን አሳየችኝ።

"ገና ሁለት ቀን ይቀርሻል እኮ።"

19 ቀን።

ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ደማቅ ነው፣ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ከግራ ጠርዝ። አንዱ በግራ፣ ዘጠኙ በቀኝ።

ለእህቴ ምንም አላልኳት። እራት በላን። ምን እንደበላን አላውቅም።

ኅዳር 23

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ፋይሉን አወጣሁ። ረቂቁ ላይ በሐኪሟ እጅ ጽሑፍ 9። የተተየበው ገጽ ላይ 19። ከሥሩ የእኔ ፊርማ፣ አንድም የእርሳስ ምልክት የለም። መብረቅ ጣቷ ሾልኮ አንድ ቁጥር ጨምራለች፤ ጣት ይሾልካል። እኛ የተቀመጥነው ጣት ስለሚሾልክ አይደለም?

ለነጠላ ሰረዝ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ወለወለ። ጡረታው አራት ወር ቀርቶታል። እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው አለኝ፤ የጤና ጣቢያ ወረቀት ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ማራገቢያ ያደርገዋል እንጂ። ያነበበም ይረሳዋል። የማይረሳም አያምነውም።

"አሥራ ዘጠኝ ሲባል ያምናል" አልኩት። "የሚፈልገውን ነው የተነገረው።"

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። በመጨረሻ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥርዓተ ነጥብም አልነበረበትም።

"ያኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እንዳልነበር አታስመስይ። የመጣው ይምጣ።"

ኅዳር 24

አልተናገርኩም። ነገ።

ኅዳር 26

ነገም አልተናገርኩም።

በአውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ቦርሳዋ ክፍት ነው። ውስጡ አረንጓዴ ነገር ይታያል። መጽሐፉ ይሁን መሀረብ አላወቅኩም። ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ቁጥሩ እየሄደ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሳርም እሱ በየቤቱ እየገባ ነው። ማንኳኳት አያስፈልገውም፣ ሐኪም ልኮታል። አሥረኛው ቀን ላይ የደረሰች ሴት አለች፤ ልታቆም ነበር። መጽሐፉን ታያለች። ገና ነኝ ትላለች...

ብናገርስ? ዓይኗ የማያይ አራሚ ምን ትባላለች? ጥቅል መዝጋቢ።

ዛሬ ሁለት ኪኒን። ሃያኛ ቀኔ። በራሴ ስሕተት ሕግ እንኳ ጣሪያውን አለፍኩ።

ኅዳር 28

ሐኪሟ ደወለች። አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ አይታው ነው። የአለቃ ቢሮ ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ምስጢር አያውቅም፤ ሁሉንም ሰማሁ።

መብረቅን ጠራት። የእርማት ገጹ ተፈርሞበት ነው የመጣልኝ አለች ልጅቷ። አለቃ ግን ጠበቃዬ ሆኖ አረፈ። አራሚያችን በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቁጥር አምልጧት አያውቅም አለ። እሷ ከፈረመች ገጹ ትክክል ነበር፤ ከፈረመች በኋላ ነክተሽዋል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለሽ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ዕቃሽን ሰብስቢ።

መልካም ስሜ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰው ያባርራል።

ገባሁ። ቁጭ በይም አላለኝ። ገጹ በተፈረመ ቀን ግማሹን እንዳላየሁት፣ ይሄም ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳለብኝ፣ ነጠላ ሰረዝን ያስወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። አለቃ መጀመሪያ ልጅቷን ለማዳን የምዋሽ መሰለው። ከዚያ ገባው።

"ራስ ምታት የሌለበት ማን አለ?" አለ። "እኔ ራሴ አሁን ጀመረኝ።"

ከሰዓት ሐኪሟ መጣች። ቆጣ ትላለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠችና ያን ቀን ገጹ ላይ ምን እንደታየኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ፣ ምንም የማያምዎት ቀን በወር ስንት ነው አለችኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱን ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። ጻፈች። መድኃኒቱን ስንት ቀን እንደምወስድ ጠየቀች፣ ነገርኳት፣ ጻፈች። ሁሉም ነገር በጣም በቀስታ፣ በጣም በደግነት። ልቤ ማልቀስ ፈልጎ ነበር።

"ስሕተቱን መቼ አወቁት?"

"ኅዳር 22።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች። እስክሪብቶዋን ዘጋች።

"ማይግሬኑን አምንዎታለሁ" አለች። "ስድስቱን ቀን ግን ማይግሬን አላደረገውም።"

ታኅሣሥ 2

የእርማት ወረቀት ታተመ። ትንሽ፣ ነጭ፣ ከኋላው ሙጫ ያለው። "ገጽ 22፦ 19 የሚለው 9 ተብሎ ይነበብ።" ነጠላ ሰረዝና መብረቅ ጮክ ብለው አንብበው ሁለቱም ፈረሙ። መብረቅ ሥራዋ ላይ ናት። እትዬ ማለቷን ትታለች። ትክክል ናት።

ከነገ ጀምሮ በየጤና ጣቢያው እየዞርኩ እለጥፋለሁ። አለቃ እስኪያልቅ ድረስ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ከዚያ ምድር ቤት።

ሐኪሟ ኪኒኑን አቁሚ ብላኛለች፤ በምትኩ የሚከላከል ነገር ሰጥታኛለች፣ ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት የሚፈጅ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ ብላ ነግራኛለች። ስንት ቀን አልኳት። ከሰው ሰው ይለያያል አለች። ባለሙያዎች ይህን ቃል ይወዱታል።

ታኅሣሥ 7

ይብሳል።

ታኅሣሥ 8

እህቴ መጋረጃውን በጥቁር ጨርቅ ደርባ ሰፋችው። ስለ መጽሐፉ ነግሬያታለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ ያን ቀን አለች። መሳቢያዬን ፈትሻ ኪኒኖቹን ወሰደች። የት እንዳደረገቻቸው አልነገረችኝም። አውቃለሁ፤ የክር ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ሄጄ አላወጣኋቸውም። እስካሁን።

ታኅሣሥ 10

ማስታወክ። ጽሑፉም ይወዛወዛል። በቃ።

ታኅሣሥ 16

ተነሣሁ። ሰባት ጤና ጣቢያ። በየመደርደሪያው የተቀመጠውን አረንጓዴ እያወጣሁ፣ ገጽ 22ን እየገለጥኩ፣ እየለጠፍኩ። አንዷ ነርስ የመጽሐፉ ደራሲ መሰልኳት፤ አመሰገነችኝ። እኔ አራሚዋ ነኝ አልኳት። አሁንም አመሰገነችኝ።

ከሦስት ሺው ሁለት ሺህ መቶ አግኝተናል። ዘጠኝ መቶው ወጥቷል። በቦርሳ፣ በኩሽና፣ በትራስ ሥር። ዘጠኝ መቶ ሰው በስም አይታወቅም፣ በአድራሻ አይገኝም፣ ራሱን ስላመመው ብቻ አንስቶ የሄደ። ነጠላ ሰረዝን ምን ይሻላል አልኩት። ማራገቢያ አድርገውት ይሆናል አለኝ። ዛሬ ግን ራሱም ያመነው አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 21

ምድር ቤት የመጀመሪያ ቀኔ። ቀድሞኝ የወረደው አራሚ ወንበር አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ጥቅሎቹ ነጭ ናቸው፣ ምንም አልተጻፈባቸውም። ስሕተት የለባቸውም።

ራሴ ላለፉት አራት ቀናት ዝም ብሏል። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ አላውቀውም። አላምነውምም። በሰዎች ወሬ መሐል ድንገት ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ይመስላል።

ታኅሣሥ 25

ከሥራ ስወጣ የራስጌ መብራት አምፖል ልገዛ ወደ ትልቁ መንገድ ሄድኩ። ጥግ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት መስታወት ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ፎቶኮፒ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ትንሽ ጠማማ ነው፣ ግን አልተሳሳትኩም፤ ሳጥኑ፣ "ከዚህ አይለፉ"፣ ቁጥሩ። አንድ ሰው እንዲጎላ ብሎ 19ን በቀይ ከቦታል።

ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ፋርማሲስት ደግ ሰው ነው፣ ፊቱ ያስታውቃል። ወረቀቱን አንድ ደንበኛ እንደሰጠችው፣ እሱም አባዝቶ ለሌሎች ሁለት መድኃኒት ቤት እንደላከ፣ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ እያነሣ እንደሚሄድ ነገረኝ። "የዚህ በሽታ ሰው ምስኪን ነው፤ የሚነግረው የለም። ቢያንስ ልኩን ይወቅ ብዬ ነው" አለ።

ለመጽሐፍ የሚሆን የእርማት ወረቀት አለኝ። በስልክ ውስጥ ላለ ፎቶ ምን ይለጠፋል?

ስሕተት መሆኑን ነገርኩት። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ወጣሁና አንዱን ሰረዝኩ፤ ቀዩ ክብ ውስጥ ዘጠኝ ብቻ ቀረ። ገዝታ የወጣች አንዲት ሴት ከኋላዬ ቆማ ነበር። አስተማሪ ትመስላለች፣ እጅጌዋ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። በብርሃኑ ምክንያት አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋለች። ያን ጥበት አውቀዋለሁ። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ከወረቀቱ ጋር አስተያየች።

"የእኔ አሥራ ዘጠኝ ይላል" አለች። "ማን ነሽ አንቺ?"

"ያረምኩት እኔ ነኝ።"

"ይሄን ነው ያኛውን?"

"ሁለቱንም።"

ቁጣ ጠበቅኩ። ድካም ብቻ ነው የነበረባት።

"ታዲያ እህት፣ የትኛውን ልመንሽ?"

ዘጠኙን አልኳት። ለምን እንደሆነም ነገርኳት፤ ኪኒኑ ራሱ እንደሚያመጣው፣ የሚከላከል መድኃኒት እንዳለ፣ የሐኪሟን አድራሻም። እየሰማችኝ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ገዝታ የያዘችው የኪኒን ቅጠል እጇ ውስጥ ተጨብጧል። ከዚያ፣ በዚህ ወር ስንት ቀን ወሰድሽ ብዬ ጠየቅኳት።

እንግዳ ነገር የጠየቅኳት ያህል አየችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም አለች። ቅጠሉን ብብቷ ሥር አድርጋ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። አንዱን እጅ ጨረሰች። ሁለተኛውን ጨረሰች። ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀመረች።